ዕውቀት ውርርድን ያነጻዋልን?

ውርርድ የሚለው ቃል በደጋው አገር አዲስ አይደለም። በቀድሞው ዘመን በፋርጣም ሆነ በጋይንት፣ በበጌምድር ምድር ሁሉ፣ ሁለት ባለ ጉዳዮች በዛፍ ጥላ ሥር ከተቀመጠ ዳኛ ፊት ቆመው በበላ ልበልሃ ሲሟገቱ፣ አንደኛው «ነገሩ እኔ እንዳልሁት ባይሆን ይህን ያህል ማር ልስጥ» ይላል፤ ሁለተኛውም «እኔ ብረታ በቅሎ ልስጥ» ብሎ ያስይዛል። ምስክር ተሰምቶ ነገሩ ሲጣራ፣ የተረታው ሰው ሙግቱን ብቻ ሳይሆን ውርርዱንም ያጣ ነበር። ውርርዱ የሚገባው ለዳኛው ስለ ነበረ፣ በዚያ ዘመንም ቢሆን ማንም ቢረታ ማንም ቢረታ ተጠቅሞ የሚነሣ አንድ ሰው አልታጣም። ይህ ነገር ወደ ፊት ያስፈልጋልና አንባቢ ልብ ይበለው።

ዳሩ ግን የዚያ ዘመን ውርርድ ምንም ነውር ቢገኝበት አንድ ደግ ጠባይ ነበረው። ሰው የሚወራረደው ራሱ ባየው፣ ራሱ በሰማው፣ ራሱ በፈጸመው ነገር ላይ ነበረ። ማሩም በቅሎውም ለአፉ ቃል መያዣ ስለ ነበሩ፣ ሐሰት የሚናገር ሰው በገዛ ከብቱ ይቀጣ ነበር። ዛሬ ቃሉ ያው ሆኖ ሳለ ነገሩ ተለውጧል። የዛሬው ተወራራጅ ገንዘቡን የሚያስይዘው አይቷቸው በማያውቅ፣ ስሙን በማያውቁ፣ በሩቅ አገር በሚኖሩ ሰዎች እጅ ሥራ ላይ ነው። ለቃሉ መያዣ የሰጠ ሰው አይደለም፤ ስለ ሌላው ሰው ነገ ትንቢት የሚናገር ሰው ነው።

ከዚህ ዓይነቱ ውርርድ ሁሉ ለአዛውንቶች እንግዳ የሚሆነው በኮምፒውተር የተኩስ ጨዋታ ላይ የሚደረገው ነውና፣ አስቀድሞ ጨዋታው ምን እንደ ሆነ መግለጥ ይገባል። ካውንተር ስትራይክ የሚባለው ጨዋታ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1999 ታይቶ ከዚያ ወዲህ በዓለም ሁሉ የተዛመተ ነው። አምስት ሰዎች ከአምስት ሰዎች ጋር ሆነው፣ እያንዳንዱ በየመስኮቱ ፊት ተቀምጦ፣ በሥዕል በተሠራ መንደር ውስጥ ይታኰሳሉ። አንደኛው ወገን ፈንጂ ያጠምዳል፤ ሌላው እንዳይጠመድ ይከላከላል፣ ከተጠመደም ያመክናል። ይህ አንድ ዙር ነው። በ2023 በወጣው በአዲሱ መልኩ 13 ዙር ቀድሞ የረታ ካርታውን ይወስዳል፤ ቀድሞ ግን 16 ነበረ። ዙሩን የረታና የተረታ ልዩ ልዩ ገንዘብ እየተቈረጠለት ለሚቀጥለው ዙር መሣሪያ ይገዛል። የጋይንት ሰው ክላሽ ብሎ የሚያውቀው ጠመንጃ በዚያ ገበያ 2,700 የጨዋታ ዶላር ይሸጣል። እውነተኛው ክላሽ የቤትና የበሬ ያህል በሚታይበት፣ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም ጦርነት በገባበት ክልል፣ የተኩስ ጨዋታ ለአንዳንዱ አባት ጆሮ የሚመር መሆኑ አያስደንቅም። ነገር ግን መስኮት ላይ የሚወድቀው ሥዕል ነው፤ ተጫዋቾቹም ከጨዋታው በኋላ እጅ ለእጅ ተያይዘው ይለያያሉ። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ በተጫዋቹ ላይ ሳይሆን፣ ከበስተ ኋላው ቆሞ ገንዘብ በሚያስይዘው ሰው ላይ ነው።

በኢትዮጵያ የውርርዱ ሥራ የገባው በኳስ በኩል ነው። በ1954 ዓ.ም. የተቋቋመው የብሔራዊ ሎተሪ አስተዳደር ለረጅም ዘመን በዕጣ ትኬት ይታወቅ ነበረ፤ በ2010ዎቹ ዓመታት ግን ፈቃድ ያላቸው የስፖርት ውርርድ ቤቶች በየከተማው በዙ። ወጣቶች የእንግሊዝን አገር ኳስ እያዩ ትኬት ይቈርጡ ጀመር። ቴሌብርም በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገንዘብ ከእጅ ሳይወጣ በጣት ብቻ የሚንቀሳቀስ ሆነ። በደብረ ታቦር ያለ ተማሪ ወደ ውርርድ ቤት ሳይሄድ፣ አልጋው ላይ ተጋድሞ፣ ከጎኑ የተኛው ባልንጀራው እንኳ ሳያውቅ ሊወራረድ ይችላል። በስልኩ ሰሌዳ ላይ ኳሱ ሲያልቅ በመስኮት ላይ ያሉት ሥራቸውን አይፈቱም፤ የውሻ ሩጫ በሥዕል፣ የኳስ ጨዋታ በሥዕል፣ በሌላውም ዓለም የተኩስ ግጥሚያ ቀንም ሌትም ይቀርባል።

ለጀማሪ ተወራራጅ መመሪያ የሚጽፉ ሰዎች አሉ። የሚጽፉትም ሐሰት አይደለም፤ እንዲያውም ብዙው ደኅና ትምህርት ነው። አንድ ካርታ ብቻ የሚጫወቱበት ግጥሚያ ለደካማው ቡድን ዕድል ይሰጣል፤ ከሦስት ካርታ ሁለት የሚረታበት ግጥሚያ ግን ለብርቱው ይመቻል ይላሉ። ቡድኖቹ ካርታዎችን በየተራ እየጣሉ የሚመርጡ ስለ ሆነ፣ የትኛው ቡድን በየትኛው ካርታ እንደሚበረታ መርምሩ ይላሉ። በቅርቡ ሰው የለወጠ ቡድን ገና አልተዋሐደምና ተጠንቀቁ፤ በአንድ አዳራሽ ተሰብስበው የሚጫወቱትና በየቤታቸው ሆነው የሚጫወቱት አንድ አይደለም፤ ከኪሳችሁ ትንሹን ክፍል እንጂ አታስይዙ ይላሉ። ይህን ያጠና ልጅ ካላጠናው ይልቅ አዋቂ መሆኑ አይካድም።

እንግዲህ የሕሊና ጥያቄ የሚነሣው ከዚህ ነው። ወጣቱ በመምህሩ ፊት ቆሞ እንዲህ ቢል ምን ይመለስለታል? «የኔታ፣ እኔ ቁማርተኛ አይደለሁም። ቁማርተኛ ጠጠር ጥሎ ዕድሉን የሚጠብቅ ነው። እኔ ግን አጥንቼ፣ መርምሬ፣ አውቄ ነው የማስይዘው። ዕውቀት የሚያገኘው ገንዘብ እንዴት ነውር ይሆናል?» ይህ ክርክር ከሌሎች ሁሉ የበለጠ ጥሩ ክርክር ነው፤ ስለዚህ በተግሣጽ ብቻ ሊታለፍ አይገባውም። የኔታም አስተዋይ ከሆኑ የሚመልሱለት ጥያቄ ነው። «ልጄ፣ አንተ ያጠናኸውን አወራራጁ አላጠናውምን?» ልጁም እውነተኛ ከሆነ «አጥንቶታል» ከማለት በቀር ሌላ ቃል የለውም።

ምክንያቱም አወራራጁ ከግጥሚያው በፊት ኦድ የሚሉትን ቁጥር ሲያወጣ፣ ካርታውንም፣ የሰው ለውጡንም፣ ያለፈውን ሁሉ ቈጥሮ ያወጣዋል። ዕውቀቱ አስቀድሞ በዋጋው ውስጥ ገብቷል። ጀማሪው ከመመሪያው የተማረው ነገር በገበያ የታወቀ ወሬ ነው፤ የታወቀ ወሬም ትርፍ እንደማይሰጥ የእህል ነጋዴ ሁሉ ያውቃል።

በዋጋው ውስጥ ያለው ግን ዕውቀት ብቻ አይደለም። ሁለት እኩል ቡድኖች ቢጋጠሙ አወራራጁ ለሁለቱም 1.85 የሚል ኦድ ያወጣል እንበል። አንድ ሰው በዚህኛው 100 ብር፣ ሌላው በዚያኛው 100 ብር ቢያስይዙ፣ የተሰበሰበው 200 ብር ነው። ለረታው የሚከፈለው 185 ብር ነው። ማንም ቢያሸንፍ 15 ብር በአወራራጁ እጅ ይቀራል፤ በዛፍ ጥላ ሥር የተቀመጠው ዳኛ ማሩን እንደ ወሰደ ማለት ነው፤ ይሁንና ዳኛው ቢያንስ ፍርድ ሰጥቶ ነበር።

ነገሩ ይበልጥ የሚከፋው ብዙ ግጥሚያ በአንድ ትኬት ላይ በተደረደረ ጊዜ ነው፤ ወጣቶች የሚወዱትም ይህንኑ ነው፤ በጥቂት ብር ብዙ የሚያስመኝ ነውና። እንዲህ ያሉ 10 እኩል ግጥሚያዎችን በአንድ ትኬት ላይ የደረደረ ሰው 10 ብር ቢያስይዝ፣ ሁሉም ከተሳካለት 4,695 ብር ገደማ እንደሚያገኝ ይነገረዋል። ልቡ በ4,695 ላይ ያርፋል። ነገር ግን 10 እኩል ግጥሚያዎችን ሁሉ በትክክል የመገመት ዕድል ከ1,024 አንድ ነው፤ ስለዚህ ትክክለኛው ዋጋ 10,240 ብር መሆን ነበረበት። ከአንድ ግጥሚያ ላይ ከ100 ብር 7 ብር ተኩል የሚወስደው እጅ፣ ከአሥሩ ድርድር ላይ ከ100 ብር ከ54 ብር በላይ ይወስዳል። ይህን የሚያስረዳ ሒሳብ ከሰባተኛ ክፍል ትምህርት አይበልጥም፤ ሆኖም በትኬቱ ላይ አይጻፍም። በዚያም ላይ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ከ1,000 ብር በላይ በሆነ የዕድል ጨዋታ ገቢ ላይ ከመቶ 15 ግብር ጥሎ ነበርና፣ ደርሶት የተደሰተውም ሰው የተነገረውን ሁሉ አያገኝም።

እንግዲህ የታወቀውን የሚያውቅ ሰው ዕውቀቱ አይጠቅመውም። ያልታወቀውን የሚያውቅስ? በዚህ ጊዜ ነገሩ ከሒሳብ ወጥቶ ወደ ነፍስ ይገባል። በአንድ ግጥሚያ ላይ ማንም የማያውቀውን የሚያውቁ ሰዎች አሉ፤ እነርሱም ራሳቸው ተጫዋቾቹ ናቸው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2014 በአሜሪካ አይባይፓወር የተባለ ብርቱ የካውንተር ስትራይክ ቡድን ከእርሱ እጅግ ከሚያንስ ቡድን ጋር ተጋጥሞ 16 ለ4 ተረታ። ነገሩ ሲመረመር አስቀድሞ የተስማሙበት መሆኑ ተገለጠ፤ በሽንፈታቸው ላይም ውርርድ ተይዞ ነበር። የጨዋታው ባለቤት ቫልቭ የተባለው ድርጅት በጥር 2015 ሰባት ሰዎችን ከሚደግፋቸው ውድድሮች አገደ። በዚያ ጊዜ የሚያስይዙት ጥሬ ገንዘብ እንኳ አልነበረም፤ በጨዋታው ውስጥ የጠመንጃ ጌጥ የሆነ ቀለም ነበረ፤ ቀለሙ ግን በገንዘብ ይሸጥ ነበርና፣ ልጆች ሳይቀሩ ያስይዙት ነበር። ቀጥሎም ኢስፖርትስ ኢንተግሪቲ ኮሚሽን የተባለው መርማሪ ማኅበር በ2020 መጨረሻ በአውስትራሊያ 7 ተጫዋቾችን፣ በ2021 መጀመሪያም 35 ሌሎችን በውርርድ ምክንያት ቀጣ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ በገዛ ግጥሚያቸው ላይ ያስያዙ ነበሩ።

በእነዚህ ሰዎች ላይ ማንም «ሳታውቁ አስያዛችሁ» ብሎ አይፈርድባቸውም። ኃጢአታቸው ማወቃቸው ነው። እንግዲህ የወጣቱ ክርክር ወዴት ሄደ? ዕውቀት ውርርድን የሚያነጻው ቢሆን ኖሮ፣ ከሁሉ ይልቅ የሚያውቁት ከሁሉ ይልቅ ንጹሓን በሆኑ ነበር። እነርሱ ግን ሌቦች ተባሉ፤ በትክክልም ተባሉ።

ይህ ነገር ለመጽሐፍ አንባቢ አዲስ አይደለም። ሶምሶን በሠርጉ ሰሞን ለ30 ፍልስጥኤማውያን እንቆቅልሽ አቅርቦ በ30 ቀሚስና በ30 ልብስ ተወራረደ። እንቆቅልሹን ከእርሱ በቀር የሚያውቅ አልነበረምና፣ ውርርዱ ሲጀመርም እኩል አልነበረም። እነርሱም በበኩላቸው ሙሽራይቱን አስፈራርተው ምሥጢሩን ከቤት ውስጥ አወጡ። እርሱ የማይታወቀውን በማወቁ ሊረታ አሰበ፤ እነርሱ የማይታወቀውን ሰርቀው ረቱት። ዕዳውም የተከፈለው ከማንኛቸውም ኪስ አይደለም፤ በአስቀሎና ከነበሩ፣ ስለ እንቆቅልሹ ምንም ካልሰሙ፣ 30 ሌሎች ሰዎች ሬሳ ላይ በተገፈፈ ልብስ ነበር። መተርጉማን ስለ ሶምሶን ብዙ ያስተምራሉ፤ በዚያ ውርርድ ግን ዋጋውን የከፈለው በሰርጉ ያልነበረ ሰው መሆኑ ብዙ ጊዜ ይታለፋል።

ከታወቀውና ከተሰረቀው መካከል ግን አንድ ጠባብ መንገድ አለ፤ ለእውነት ሲባል ይህም መነገር አለበት። ከአወራራጁ ይልቅ ጠልቀው የሚያጠኑ፣ ሳይሰርቁ በትጋት ብቻ ዓመቱን ሙሉ የሚያተርፉ ጥቂት ሰዎች በዓለም ይገኛሉ። በእነርሱ ላይ የሚደርሰው ነገር ግን አስተማሪ ነው፤ አወራራጆቹ ብዙ ጊዜ የሚያስይዙትን መጠን ያሳንሱባቸዋል፣ ወይም በራቸውን ይዘጉባቸዋል። የሚያውቅ ሰው በዚያ ገበያ ያልተፈለገ እንግዳ ነው። ለጀማሪ መመሪያ የሚጻፈውና ለጀማሪ ማባበያ ገንዘብ የሚሰጠው፣ ገበያው የሚቆመው በጀማሪው ስለ ሆነ ነው። ያ ትጉህ አዋቂም ቢሆን የሚያተርፈው ገንዘብ ከሰማይ አይወርድም፤ በዚያው ጠረጴዛ ዙሪያ ከእርሱ ያነሰ ካወቀ ወጣት ኪስ ይወጣል።

«ገበሬስ አይወራረድምን?» የሚልም አይጠፋም። በእርግጥ በጉና ተራራ ግርጌ ገብስና ድንች የሚዘራ ሰው በረዶው መቼ እንደሚወርድበት አያውቅም፤ ዘሩን ለማይታወቅ ነገር ይሰጣል። ነገር ግን ከዘራ በኋላ በዓለም ላይ አስቀድሞ ያልነበረ ገብስ ይኖራል። የእርሱ ጎተራ እንዲሞላ የጎረቤቱ ማሳ በበረዶ መመታት አያስፈልገውም። ውርርድ ግን ሲያልቅ በዓለም ላይ አንድ ፍሬ አይጨምርም፤ የነበረውን ከብዙ እጅ ወደ ጥቂት እጅ ያዛውራል።

ስለ ዕጣም የሚጠይቅ ይኖራል፤ ጥያቄውም ለካህናት ትንሽ የሚከብድ ነው። በሐዋርያት ሥራ ማትያስ የተመረጠው በዕጣ ነው፤ በደጋው አገርም መሬት በዕጣ ተካፍሏል፤ ለመልካም ሥራ ገንዘብ ለማሰባሰብም ቶምቦላ የሚያዘጋጁ አሉ። ዕጣና ውርርድ ግን በአንድ ነገር ይለያያሉ። ዕጣ የሚጥል ሰው «አላውቅም» ብሎ ይጥላል፤ አለማወቁን አምኖ ፍርዱን ከራሱ ላይ ያወርዳል። ተወራራጅ ግን «አውቃለሁ» ብሎ ያስይዛል። የቶምቦላ ትኬት የገዛ ሰው ባይደርሰው አይቈጭም፤ ተወራራጁ ግን በተረታ ቍጥር «ጥቂት ብቻ ነበር የቀረኝ፤ ነገ አሻሽላለሁ» ይላል። የሚያስረው ስስት ብቻ አይደለም፤ ዐዋቂነቱን ለማስመስከር ያለው እልህ ነው። ስለዚህ ከሰነፉ ይልቅ ጎበዙን ልጅ ይዞ የሚያስቀረው ይህ ወጥመድ ነው፤ ወላጆችም «ልጄ ብልህ ነው፣ አይታለልም» እያሉ የሚዘናጉት ስለዚህ ነው።

ደብረ ታቦር ራሷ ስለ ዐዋቂነት ድንበር የምትናገረው ታሪክ አላት። በ1834 ዓ.ም. ደጃዝማች ውቤ ከሰሜንና ከትግሬ ጦራቸውን አስከትተው ከራስ አሊ ጋር በዚያ ተዋጉ። ጠመንጃውም መድፉም በውቤ ወገን ይበልጥ ነበር፤ ውጊያውም እንደ ተገመተው ሆነ፤ ራስ አሊ ከጦር ሜዳው ሸሹ። በዚያ ሰዓት የሚወራረድ ሰው ቢኖር ኖሮ ገንዘቡን ሊቀበል እጁን በዘረጋ ነበር። ነገር ግን ውቤና ሰዎቻቸው ድላቸውን ሲያከብሩ፣ የአሊ ዘመድ ብሩ አሊጋዝ ደርሶ አሸናፊውን በሰፈሩ ውስጥ ማረከው። ጠመንጃ የቈጠረ፣ ፈረስ የቈጠረ፣ የመኳንንቱን ልብ ያጠና ሰው ሁሉ ትክክል ነበረ፤ ቢሆንም ተረታ።

በነሐሴ 13 ቀን የደብረ ታቦር በዓል ሲደርስ በዚያ አገር ያሉ እረኞች ጅራፍ ያጮኻሉ፤ ጎረምሶችም ተገጣጥመው ይገራረፋሉ። ጨዋታው ጨካኝ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም ይበላሻል። ቢሆንም ጅራፉ የሚያርፈው በተጫዋቹ በራሱ ጀርባ ላይ ነው፤ ቆሞ የሚያይ ሰው የሚያገኘው ሣቅ እንጂ የሌላውን ልጅ ቈዳ አይደለም። የኮምፒውተር ጨዋታም በዚህ ልክ ጨዋታ ሆኖ ሊቀር ይችላል። በእጁ የሚጫወት ልጅና በሌላው እጅ ላይ ትኬት የቈረጠ ልጅ በአንድ ቤት፣ በአንድ መስኮት ፊት ተቀምጠው ሊገኙ ይችላሉና፣ አባት የሆነ ሰው ሁለቱን ለይቶ ማየት አለበት። መጀመሪያ የሚጠየቀው «ምን ትጫወታለህ?» ሳይሆን «በስልክህ ካለው ገንዘብ ማን ያውቃል?» የሚለው ነው። ከጋይንት ድንች ሸጦ ለቤት ኪራይና ለደብተር የላከ አባት፣ ያ ብር በማያውቀው አገር ባሉ አምስት ልጆች ጣት ላይ እንደ ተንጠለጠለ ቢሰማ፣ መጀመሪያ የሚያዝነው በጠፋው ገንዘብ ይሆን፣ ወይስ ሳይነገረው በመቅረቱ ይሆን?

የነፍስ አባቶች ግን ከጠፋው ገንዘብ ይልቅ በተገኘው የበለጠ ይጨነቁ ይሆናል። የተረታ ልጅ ሲናዘዝ ምክሩ ቀላል ነው። ደርሶት ብዙ ብር ያገኘ ልጅ አሥራቱን ይዞ ቢመጣስ? ዘኬዎስ በተጸጸተ ጊዜ ከማን እንደ ወሰደ ያውቅ ነበርና አራት እጥፍ እመልሳለሁ ለማለት ቻለ፤ ባለ ገንዘቦቹ በኢያሪኮ ጎዳና የሚያገኛቸው ሰዎች ነበሩ። የባለ ትኬቱ ገንዘብ ግን ከመቶ ወይም ከሺህ ኪስ የተጠራቀመ ነው፤ ከእነዚያ አንዱ በነፋስ መውጫ ያለ የመኪና ረዳት፣ ሌላው በአዲስ አበባ ያለ ሊስትሮ ሊሆን ይችላል። ሊቀ ካህናቱ የይሁዳን 30 ብር ከመባ ሣጥን ሳይጨምሩ የሸክላ ሠሪውን መሬት ለእንግዶች መቃብር ገዝተውበት ነበር። የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ ደረሰኙን አዘጋጅቶ፣ ቆርቆሮው ግማሽ ጣራ ላይ ቀርቶ፣ ክረምቱም ደርሶ ሳለ፣ ያ ልጅ ፖስታውን በእጁ ይዞ በደጀ ሰላሙ ቆሟል።